ሃያ አራቱ ተመራቂዎች

ማኅበሩ ውስጥ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም። «ቃለ ጉባኤ» ነው የሚሉት። የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ሲቆይ፣ አነጋገሩ ከሚጽፈው ወረቀት ጋር አንድ ላይ ተሰፍቶ ቀረ። ሚስቱ ምሳ በልቶ እንደሆነ ልትጠይቀው ስትደውል «ምሳን በተመለከተ እስካሁን የተጨበጠ ነገር የለም» ብሎ ይመልስላታል። እሷም ለምዳዋለች፤ «እንግዲያው ሲጨበጥ አሳውቀኝ» ትልና ትዘጋዋለች።

እሱም ቢሆን ራሱን አይስተውም። ክፋቱ እያወቀ አለመተዉ ነው። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ሲላጭ «አንተ ለፍላፊ፣ ዛሬስ ስንቱን ታሰለች ይሆን?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ይወጣና ያሰበውን ያህል ሰው አሰልችቶ ይገባል።

በሙያው ሱሪ ሰፊ ነው። ሱሪ ላይ ማንም አይረታውም። ኮት የመጣ እንደሆነ ግን ደንበኛውን በፈገግታ ተቀብሎ፣ ልኩን በጥንቃቄ ወስዶ፣ ጨርቁን በጓሮ በር ለጎረቤቱ ለኮት ሰፊው ይልከዋል። እጅጌ መግጠም አይሆንለትም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የገጠመው እጅጌ ሁሉ ወደ ኋላ ይዞራል፤ የለበሰው ሰው ከጀርባው የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ ይመስላል። ይህን ምስጢር የሚያውቁት እሱ፣ ሚስቱና ኮት ሰፊው ብቻ ነበሩ።

ከመቀሱ የተማረው አንድ ጠባይም አለው። ጨርቅ ሲቆርጥ በልኩ አይቆርጥም፤ ለስፌት ብሎ ሁለት ጣት ትርፍ ይተዋል። ደንበኛው ቢወፍር ይለቀቅለታል፤ ቢከሳ ከውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል፤ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ይህንኑ ጠባይ ይዞ ሪፖርት መጻፍ መጀመሩ ነው። ኮሚቴው ስምንት ጊዜ ከተሰበሰበ «አሥር ጊዜ» ይላል። አዳራሹን ሰባት ሰው ካጸዳው «ከአሥር የማያንሱ አባላት» ይላል። ሁለት ጣት ብቻ ናት ብሎ ነበር የጀመረው። እያደር ሁለት ጣቷ ስንዝር፣ ስንዝሯ ክንድ ሆነች፤ የሚለካው ሰው ስለሌለ ማንም አላየበትም። እንዲያውም «የኛ ጸሐፊ ሪፖርት ሲጽፍ እጁ ይባረክ» ይባልለት ነበር፤ እሱም ይህን ሲሰማ እንደ ልጃገረድ እየተሽኮረመመ ሌላ ገጽ ይጨምርላቸዋል።

ጉድ የፈላው በስልጠናው ነገር ነው። ማኅበሩ ከአዳራሹ ጎን ባለች አንዲት ፀሐይ የምትገባባት ክፍል ውስጥ ሦስት የስፌት መኪና አስገብቶ፣ ሥራ ላጡ ሰዎች ስፌት ማስተማር ጀምሮ ነበር። የተመዘገቡት ሃያ አራት ነበሩ። ከሃያ አራቱ አንዷ ደግሞ የጸሐፊው ታላቅ እህት ናት። እናታቸው በልጅነቱ ስትሞትበት አቅፋ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ አርባ አምስት ዓመት ሞልቶትም «እትዬ» ነው የሚላት።

እትዬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራለች። ማጠቢያ ቤቱ ሲዘጋ ካውያዋን አስረክባ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች፤ ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ትተኛለች። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ግን ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የወንድምን በር በተውሶ ቁልፍ መክፈት ሰልችቷታል። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የደንብ ልብስ መስፊያ ቤት ያላት ቆፍጣና ሴት፣ አንድ ቀን እንዲህ ብላት ነበር፦ «እትዬ፣ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ከነኮሌታው ከነእጅጌው ብቻዎን ሰፍተው የጨረሱ ዕለት እኔ ጋ ቦታ አለዎት።»

እትዬም ተማረች። ቀጥታ ስፌት ቻለች፣ ኪስ ቻለች፣ ኮሌታ ሳይቀር ቻለች። የቀራት እጅጌ ብቻ ነው። እጅጌ ላይ ስትደርስ ግን ልክ እንደ ወንድሟ ትንገታገታለች፤ የዘር ሳይሆን አይቀርም። አሰልጣኟ «አራት ወር ይበቃዎታል» ብላታለች። እትዬም አራቱን ወር በጣቷ እየቆጠረች ነው።

ጠቅላላ ጉባኤው ሳምንት ሲቀረው ጸሐፊው ሪፖርቱን ለመጻፍ ተቀመጠ። ስልጠና ወደሚለው ክፍል ሲደርስ ብዕሩን አነሳና አሰበ። የጨረሱት ዘጠኝ ናቸው። እህቱን ጨምሮ ስድስቱ ገና እየተማሩ ነው። ከቀሩት ዘጠኝ አንዱ አገር ለቋል፣ አንዷ ሌላ ሥራ አግኝታለች፣ ሌሎቹ ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ ዓይናቸውን ያየው የለም። «ዘጠኝ» ብሎ ጻፈና ራቅ አድርጎ አየው። ከሲታ ሆነበት። በዚያ ሁሉ ግሩም ዐረፍተ ነገር መሃል ዘጠኝ የምትባል ቁጥር ስትቆም የድሃ ልጅ ሠርግ ቤት የገባች መሰለችው። ሰርዞ «አሥራ አምስት» አለ። አሥራ አምስት ደግሞ ሃያ አራት ከተመዘገበበት ላይ ጥያቄ ያስነሳል። እንግዲህ ከተለቀቀ አይቀር ብሎ ሙሉውን ለቀቀው፦ «ሃያ አራቱም ሰልጣኞች ስልጠናውን በብቃት አጠናቀው ተመርቀዋል፤ በአሁኑ ሰዓት የሚጠባበቅ ሰው የለም።»

አነበበው። አማረበት። ደግሞ አነበበው።

ደህና ሪፖርት አባሪ ሊኖረው ይገባል ብሎ ስለሚያምን የስም ዝርዝር አያያዘበት። ሃያ ሦስት ስም አገኘ። ሃያ አራተኛው የተጻፈበት ወረቀት ተቀዶ ጠፍቷል። ጥቂት አሰበና የራሱን ስም ጻፈ። ለነገሩ በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሉን ሊጎበኝ ገብቶ አሥር ደቂቃ ያህል ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ «ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም» አለ ለራሱ። እህቱ ስም ላይ ሲደርስ ደግሞ ፍቅር አሸነፈውና ከጎኑ «በከፍተኛ ማዕረግ» የሚል ጨመረላት። ይህን ያደረገው ከልቡ ነው። ያሳደገችውን ሴት ከሌሎቹ ጋር እኩል ማስመረቅ ከበደው።

ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ዘንድ ሄደ። ተቆጣጣሪው ጡረታ የወጡ ሱፍ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሥራቸው የዓመቱን ሪፖርት መመርመር ነው። ወረቀቱን ተቀብለው ክብደቱን በእጃቸው መዘን አደረጉና፣ «የዘንድሮው ደግሞ ወፍሯል፤ ጎሽ» ብለው «ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» ከሚለው ሥር ፈረሙ።

እሁድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ስልሳ አባላት የፕላስቲክ ወንበሮቹን እያንቋቁ ተቀመጡ። ጣሪያው ስለሚያፈስ ጥግ ላይ ባልዲ ተቀምጧል፤ ኮሪደሩ ላይ ደግሞ የአባላቱ የጨርቅ ጥቅሎች በላስቲክ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ሰልጣኞቹ በእንግድነት ተጋብዘዋል። እትዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ራሷ የሰፋችውን ጉርድ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ጸሐፊው አርባ ደቂቃ አነበበ። መሃል ላይ አንዱ አንኮራፋ፤ ከኋላ ረድፍ አንዷ የሱሪ ጫፍ በመርፌ ስትዘመዝም ነበር። እሱ ግን በራሱ ድምፅ ሰክሯል። «ያላሰለሰ ጥረት» ሲል እጁን ያነሳል፤ «ርብርብ» ሲል ደረቱን ይነፋል። የስም ዝርዝሩ ላይ ደርሶ የእህቱን ስም «በከፍተኛ ማዕረግ» ብሎ ሲጠራ በፈገግታ ቀና ብሎ አያት። እትዬ ፈገግ አላለችም። የምትሰማውን ለማመን ያቃታት ሰው ሆና አንገቷን ወደፊት አስግጋ ታየው ነበር።

አዳራሹ አጨበጨበ። ሊቀመንበሯ ማይክሮፎኑን ተቀበለች።

«እጅ የሚያስነሳ ሥራ ነው» አለች። «እስቲ ተመራቂዎቹ ብድግ በሉና እንያችሁ።»

አምስት ሰዎች ተነሱ። ሊቀመንበሯ በዓይኗ ቆጠረችና ወደ ጸሐፊው ዞረች።

«ሌሎቹስ?»

«በሥራ መደራረብ ምክንያት መገኘት አልቻሉም» አለ ጸሐፊው፤ ይህቺ ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ ምላሱ ጫፍ ላይ ናት።

«በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቁት እትዬ ግን አሉ። ምነው እትዬ፣ አይነሱም እንዴ?»

እትዬ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተነሳች። «እኔ አልጨረስኩም» አለች።

«ምን ቀረዎት?»

«እጅጌ። ጸሐፊው ያውቃል።»

ስልሳው ሰው ዞሮ ጸሐፊውን አየው። እዚያ ላይ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ነገሩ በአንድ ሳቅ ያልቅ ነበር። የሱ አፍ ግን ከሱ ቀድሞ ሮጠ።

«ትሕትና ነው!» አለ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብሎ። «እህቴን አውቃታለሁ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ትሑት ናት!»

አዳራሹ ለትሕትናዋ አጨበጨበላት። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ሲሉ ጥቂቶች ሳቁ፤ ጭብጨባው ግን ዋጠው። እትዬ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ወደ ወንድሟ አላየችም፤ ባልዲው ውስጥ የሚንጠባጠበውን ውሃ ታይ ነበር።

ሊቀመንበሯ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈች። «በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ግቡን የመታ ሥራ ይዘጋል። ጸሐፊያችን እንደነገሩን ሁሉም ተመርቋል፤ የሚጠባበቅም የለም። የአባላት ጨርቅ ደግሞ ኮሪደር ላይ እየበሰበሰ ነው። ስለዚህ መኪናዎቹ ተሸጠው የስልጠናው ክፍል ከነገ ጀምሮ የጨርቅ ማስቀመጫ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል።»

ጸሐፊው ይህን አላሰበውም። ሪፖርት የሚጻፈው ተነቦ፣ ተጨብጭቦለት፣ ሳጥን ውስጥ ሊቀመጥ ነበር፤ በሪፖርት ተነስቶ ሰው ሥራ ይሠራበታል ብሎ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጠርጥሮ አያውቅም።

ብዙ አባላት ተቃወሙ። ምክንያታቸው ስልጠናው አልነበረም፤ ክፍሏ ፀሐይ ስለምትገባባት ቀትር ላይ ገባ ብለው ወገባቸውን ያሳርፉባታል። ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ ሊቀመንበሯ «እጅ ይውጣ» አለች። እጅ የሚቆጥረው ደግሞ ጸሐፊው ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሱ በቀር የቆጠረ ሰው የለም፤ ይታመናላ።

ክፍሉ ይዘጋ የሚሉትን ቆጠረ፤ ሠላሳ። አይዘጋ የሚሉትን ቆጠረ፤ ሃያ ሰባት። ሦስቱ እጃቸውን አላወጡም። ቁጥሮቹን ማስታወሻው ላይ ጻፋቸውና ቆሞ ቀረ። ይህን ልዩነት እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለት እጅ ከዚህ አንስቶ ወዲያ ቢያደርግ እትዬ አራቱን ወሯን ታገኛለች። ሁለት ብቻ! ሱሪ ሲያሰፋ ከዚህ የበለጠ ይለቃል። ደግሞ የአሁኑ ለበጎ ነው፤ ላሳደገችው እህቱ ነው። «ይሄንንማ እግዜርም ይፈርምልኛል» አለ በልቡ።

«ስንት ሆነ?» አለች ሊቀመንበሯ።

አፉን ከፈተ። ሃያ ስምንት ለሃያ ዘጠኝ ሊል ነበር። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ሳለ ሳያስበው እህቱን አያት። እሷ ምን ያህል እጅ እንደወጣ ዞራ እንኳ አልቆጠረችም። ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች። ክፍሉ እንደተዘጋባት አውቃለች፤ ተስፋዋን ቆርጣ የምትወጣበትን ሰዓት ብቻ ነው የምትጠብቀው። ያን ጊዜ አፈረ። ብዙ ጊዜ አፍሮ ያውቃል፤ የዛሬው ግን ሌላ ነው፤ ከእግር ጥፍሩ ተነስቶ ጆሮው ድረስ አቃጠለው። የገዛ እህቱን ጉድጓድ በሚያምር ቋንቋ የቆፈረው እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ በዚያው መቆፈሪያ ሊያወጣት ነው።

«ክብርት ሊቀመንበር» አለ። «የኔን ቆጠራ አይመኑት።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሌላ ሰው ይቁጠር። እኔ መቁጠር አልችልም። ማለቴ... እችላለሁ፤ ግን እየጨመርኩ ነው የምቆጥረው።» ማስታወሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የጨረሱት ዘጠኝ ናቸው። ስድስቱ ገና እየተማሩ ነው፤ እህቴም ገና ናት። ትሕትና ያልኩት ውሸቴን ነው። ሌሎቹ የሉም።»

«የሉም ሲሉ?»

«በቃ የሉም። ሃያ አራተኛው እኔ ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያንኮራፋው ሰውዬ ሳይቀር ነቅቶ ምን እንደተባለ ሳያውቅ ሳቀ። ሊቀመንበሯ ብቻ አልሳቀችም። አባሪውን አነሳችና በጣቷ እስከ ታች ወርዳ ስሙን አገኘችው።

«እርስዎ ሰልጥነዋል?»

«አልሰለጠንኩም። እጅጌም አልችልም።» ይህን ማንም አልጠየቀውም ነበር። አንዴ ከተፈታ ክሩ አልቆም አለው።

አንድ የልብስ ቁልፍ ሻጭ አባል ከወንበሩ ብድግ አለ። «ቆይ ቆይ፤ ታዲያ የኔን የሠርግ ኮት ማን ነው የሰፋው?»

ከጎኑ የተቀመጠው ኮት ሰፊ ጎረቤት ሳይወድ በግዱ እጁን አነሳ። ሳቁ እንደገና ተቀጣጠለ። ጸሐፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬት ግን ሲፈልጓት አትገኝም።

ሊቀመንበሯ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ ‹ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል› ብለው ፈርመዋል።»

«መነጽሬን ቤት ረስቼው ነበር ልጄ።»

«ዘጠኙንም ዓመት?»

ተቆጣጣሪው ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አደረጉ።

«እትዬ» አለች ሊቀመንበሯ ለስለስ ብላ፣ «ቅድም ለምን አልጮሁም? በዚህ ወረቀት እኮ ክፍሉን ልንዘጋብዎ ነበር።»

«እኔ አባል አይደለሁም» አለች እትዬ። «እዚህ ድምፅ ያለው እሱ ነው። እስኪናገር ጠበቅኩት።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ድምፁ እንደገና ተሰጠ። ሊቀመንበሯ ከፊት፣ ኮት ሰፊው ከኋላ ሆነው ቆጠሩ፤ ሁለቱም አንድ ቁጥር አመጡ። ሃምሳ ሁለት ሰው ስድስቱ ሰልጣኞች እስኪጨርሱ ክፍሉ አይዘጋ አለ። «ታዲያ ጨርቃችንስ?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ፣ ቁልፍ ሻጩ እጁን አውጥቶ «ጸሐፊው ሱቅ ይቀመጥ» አለ። ይህ ያለ ድምፅ ቆጠራ በጭብጨባ አለፈ።

ጸሐፊው ከኃላፊነቱ ይነሳ የሚልም ሐሳብ ቀረበ። «ጥሩ፤ ማን ይተካው?» ስትል ሊቀመንበሯ፣ ገሚሱ ጣሪያውን ገሚሱ ጫማውን ማየት ጀመረ። በአርባ ደቂቃ ሪፖርት የሚቀና ሰው አልተገኘም። ስለዚህ እንዲቆይ ተደረገ፤ ግን ከእንግዲህ የሚጽፈውን እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት አባላት በዓይናቸው ሄደው ሳያዩት እንዳይነበብ ተወሰነ።

እዚህ ማኅበር ውስጥ አንድ የቆየ ደንብ አለ። ልብስ ደንበኛው ላይ ሳይለካ ከሱቅ እንደማይወጣ ሁሉ፣ ቃለ ጉባኤም ሰው ፊት ሳይነበብ ከአዳራሽ አይወጣም። የማይሆን ነገር ካለበት ጉባኤተኛው «ይፈታ!» ይላል፤ ጸሐፊው ሰርዞ እንደገና ይጽፋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሱ ጽሑፍ አንድም ቀን ተፈትቶ አያውቅም። ላብ በላብ ሆኖ የገዛ ጉዱን ጻፈና ተነሳ።

«የስልጠና አኃዞችን አስመልክቶ በጸሐፊው በኩል መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጓል» ብሎ አነበበ።

«ይፈታ!» አለ አዳራሹ።

ሰረዘ። ጻፈ። «በሪፖርቱ ላይ በተፈጠረው የቁጥር አለመጣጣም ጸሐፊው የተሰማቸውን ጥልቅ...»

«ይፈታ!»

አሁንም ጻፈ። «ውጤቱ ከታሰበው በላይ ሆኖ መቅረቡ...»

«ይፈታ! ይፈታ!» አሉ፤ አንዳንዱ በእግሩ ወለሉን ይደበድብ ነበር። ነገሩ ጥሟቸዋል። እሱን ደግሞ የገረመው ሌላ ነገር ነበር፤ እያወቀ፣ ሁሉ ሰው እያየው፣ እጁ አሁንም ትርፍ እየተወ መቁረጡ። «አንተ ሰው፣ እኮ ምን ይሻልሃል?» አለ ራሱን። ብዕሩን አስቀመጠ፤ እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ አንስቶ አንዲት መስመር ጻፈ።

«ጸሐፊው ዘጠኙን ሰው ሃያ አራት ናቸው ብለው ዋሹ» ብሎ አነበበ።

«ይሂድ» አሉ ሽማግሌው ከኋላ። አዳራሹም «ይሂድ» አለ። ፈረመበት። ድካሙ የቀን ሙሉ ሸክም ካራገፈ ሰው አይተናነስም።

ወደ ቤት ሲሄዱ እትዬ ሁለት እርምጃ ቀድማው ነበር። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ «አሁን ተቆጥቼሃለሁ» አለችው።

«አዎ እትዬ።»

«ሳምንት ያህል እቆጣለሁ።»

«እሺ እትዬ።»

ዘጠኝ ቀን ተቆጣች። እሱም አልጨመረባትም፤ ዘጠኝ ብሎ ነው ለሚስቱ የነገራት።

ቀጥሎ የመጡት ወራት ለጸሐፊው የፍዳ ወራት ነበሩ። ሱቁ እስከ ጣሪያው በሰው ጨርቅ ተሞላ። መኪናውን አውጥቶ በሩ ላይ ተቀምጦ ይሰፋል፤ ደንበኛ ልክ ለማስወሰድ ሲመጣ መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ይዘረጋል፤ አላፊ አግዳሚውም የሰው ወገብ ስንት እንደሆነ ሰምቶ ያልፋል። ቁልፍ ሻጩ ባለፈ ቁጥር «ተመራቂው፣ እንዴት አደሩ?» ይለዋል። እሱም «በከፍተኛ ማዕረግ» ብሎ ይመልሳል። ምን ያድርግ!

እትዬ አራት ወር አልበቃትም። አምስት ወር ከሁለት ሳምንት ፈጀባት። ግራ እጅጌውን አራት ጊዜ ፈታችው፤ አንድ ቀን ተናዳ መቀሱን ወርውራ ወጥታ፣ ማግሥቱን ተመልሳ አነሳችው። ክፍሏም ያለ ችግር ክፍት ሆና ቆየቻት፤ በቃለ ጉባኤው ገና ስድስት ሰው ይቀራል ተብሎ ተጽፏላ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ነጭ ሸሚዝ በወረቀት ጠቅልላ ሊቀመንበሯ መስፊያ ቤት ሄደች። ቁጥር በዓይን መታየት አለበት ስለተባለ ጸሐፊውና ኮት ሰፊው ተከትለዋታል። ሊቀመንበሯ ሸሚዙን ዘርግታ አየችው። ገልብጣ የብብቱን ስፌት አየችው። ከዚያ እጅጌውን በአንድ እጇ፣ ገላውን በሌላው ይዛ ባላት ጉልበት ሳበችው። ጸሐፊው ዓይኑን ጨፈነ። ክር ሲበጠስ አልሰማም።

«ሰኞ በሁለት ሰዓት ይግቡ» አለች ሊቀመንበሯ።

እትዬ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የተሳበውን እጅጌ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ አስተካከለችው። ጸሐፊው መዝገቡን ከፈተ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ደረቱን ነፋ።

«ማኅበራችን ባደረገው ያላሰለሰ...»

«አንተ!» አለችው።

«አቤት እትዬ።»

«አንድ ብለህ ጻፍ።»

አንድ ብሎ ጻፈና መዝገቡን ለኮት ሰፊው አቀበለው፤ ኮት ሰፊውም አይቶ ፈረመ፤ ሊቀመንበሯም ከሥሩ ፈረመች።